የሳቅ ትዝታ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ጭውውት፣ ማስመሰልና የምሽት ቴሌቪዥን

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በአንድ ጥያቄ ይጠቀለላል። አንድ ኮሜዲያን ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ተቀምጦ «ያን ጊዜ እንዲህ ሠራን፤ ሕዝቡም እንዲህ ሳቀ» ብሎ ሲያወጋ፣ ያ ወግ ለቴአትርና ለመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ተመራማሪ ምን ያህል የሚታመን ማስረጃ ነው?

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። በአሜሪካ የኮሜዲያን ትዝታ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። በ2002 ቶም ሼልስና ጄምስ አንድሩ ሚለር «ላይቭ ፍሮም ኒው ዮርክ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የ«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ»ን ታሪክ በተሳታፊዎቹ አንደበት አስነገሩ። በ2022 መጀመሪያ የዚያው ፕሮግራም የቀድሞ ተዋንያን ዴና ካርቪና ዴቪድ ስፔድ ባልደረቦቻቸውን እየጋበዙ የሚያወጉበትን «ፍላይ ኦን ዘ ዎል» የተባለ ፖድካስት ጀመሩ። በ2023 የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ የምሽት ፕሮግራሞችን ባዘጋ ጊዜ ደግሞ ስቲቨን ኮልበርት፣ ጂሚ ፋለን፣ ጂሚ ኪመል፣ ሴዝ ማየርስና ጆን ኦሊቨር በጋራ ፖድካስት ከፍተው ገቢውን ሥራ ለፈቱ ሠራተኞቻቸው አዋሉ። በ2024 የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምሽት ራሱ የፊልም ታሪክ ሆነ። ይህ ሁሉ ወግ ለተመራማሪ ሲሳይም ወጥመድም ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአጭር ጊዜ የሚያልቀውን የመድረክ ወይም የቴሌቪዥን ቀልድ፣ ተመልካቻችን ለረጅም ዘመን በለመደው ስም «ጭውውት» እለዋለሁ። የታወቀ ሰውን ድምፅና አኳኋን ወስዶ መጫወትን «ማስመሰል» እለዋለሁ። በእኛ ቋንቋ «አስመሳይ» የሚለው ቃል ነቀፌታን እንደሚያዝል አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ነቀፌታ ለዛሬው ጉዳያችን አግባብነት አለው፤ ምክንያቱም ማስመሰል ሐሰት መሆኑ እየታወቀ እውነትን የሚተካበትን መንገድ ነው የምንመረምረው። የምጠቅሳቸው የአሜሪካና የእንግሊዝ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠፋው ምስል

ትዝታ ምንጭ እንዲሆን ያስገደደው የመጀመሪያው ምክንያት የመዝገብ መጥፋት ነው።

የኤን ቢ ሲ «ቱናይት ሾው» በ1954 በስቲቭ አለን አቅራቢነት ጀመረ። ቀጥሎ ጃክ ፓር፣ ከዚያም ከኦክቶበር 1962 እስከ ሜይ 1992 ለ30 ዓመት ጆኒ ካርሰን አቀረቡት። አንድ ጠረጴዛ፣ ከጎኑ የእንግዳ ወንበር፣ መግቢያ ላይ የዕለቱን ዜና የሚነካካ የቁም ቀልድ፣ ባንድ፣ ከዚያም ጨዋታ፦ ዛሬ በብዙ አገር የሚታየው የምሽት ፕሮግራም ቅርጽ በእነዚህ ሰዎች እጅ ተቦክቶ የተጋገረ ነው። ሆኖም ካርሰን በኒው ዮርክ ከሠራቸው የመጀመሪያ 10 ዓመታት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የቪዲዮ ቴፕ በ1956 ለሥራ የበቃ፣ ዋጋው ውድ የሆነ ዕቃ ነበር። ዕቃው ደግሞ ተደምስሶ ዳግም ሊቀረጽበት ይችላል። ጣቢያው ትናንት የተላለፈ ወግ ነገ ይፈለጋል ብሎ አላሰበምና ቴፖቹን እየደመሰሰ ሌላ ቀረጸባቸው።

የሚያስገርመው ከዚያ በፊት የነበረው «ዩር ሾው ኦቭ ሾውስ» በተሻለ ሁኔታ መቆየቱ ነው። ሲድ ሲዘርና ኢሞጂን ኮካ ከ1950 እስከ 1954 ቅዳሜ ማታ ለ90 ደቂቃ በቀጥታ የሚያቀርቡት ይህ ፕሮግራም በተላለፈበት ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ገና አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ካሜራ ከቴሌቪዥኑ መስተዋት ፊት ደቅነው ምስሉን በፊልም ያነሡ ነበር። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ፊልም ግን አይደመሰስም። የተሻለው ቴክኖሎጂ አጠፋ፤ ያነሰው ጠበቀ። የመዝገብ ታሪክ እንዲህ ያለ ምጸት አይጎድለውም።

በእንግሊዝም የሆነው ይኸው ነው። ፒተር ኩክና ዱድሊ ሙር በ1960ዎቹ ለቢቢሲ ከሠሯቸው ጭውውቶች ብዙዎቹ ተደምስሰዋል። ኩክ ለአዲስ ቴፕ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከራሱ አውጥቶ የቀድሞዎቹ እንዲተርፉለት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። እንዲህ የተደመሰሰ ጭውውት ዛሬ የሚኖረው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ በወረቀት ላይ ባለው ጽሑፍ፣ እንዲሁም ባዩትና በተጫወቱት ሰዎች አእምሮ። ጽሑፉ ቃሉን ይሰጠናል፤ የፊቱን ለውጥ፣ ዝምታውን፣ ሳቁ የፈነዳበትን ቅጽበት አይሰጠንም። እነዚህን ለማግኘት ወደ ትዝታ መሄድ ግድ ነው።

የሳምንቱ ሩጫ

ትዝታው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ደግሞ የተወለደበትን የሥራ ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል።

«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተወለደው ከአንድ የአስተዳደር ችግር ነው። ኤን ቢ ሲ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት የካርሰንን የቆዩ ፕሮግራሞች ይደግም ነበር። ካርሰን ይህ ይቅርልኝ፣ ድግሞቹን በሥራ ቀናት እኔ ዕረፍት ስወጣ ተጠቀሙባቸው አለ። የቅዳሜው ሰዓት ባዶ ሆነ። ጣቢያው ሎርን ማይክልስ ለተባለ ወጣት ካናዳዊ ሰጠው። ኦክቶበር 11 ቀን 1975 የመጀመሪያው ፕሮግራም፣ ቀድሞ የቶስካኒኒ የራዲዮ ኦርኬስትራ ይጫወትበት ከነበረው ስቱዲዮ 8ኤች፣ በቀጥታ ተላለፈ። የምሽቱ አስተናጋጅ ጆርጅ ካርሊን ነበር። ዛሬ ሰዎች ያን ምሽት ሲያስቡ ካርሊንን በጭውውቶቹ ውስጥ የሚያዩት ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን ብቻውን ቆሞ ቀልድ ከማቅረብ በቀር በአንድም ጭውውት አልተጫወተም።

የሥራው ሳምንት እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። ሰኞ ጸሐፊዎችና ተዋንያን በማይክልስ ቢሮ ተሰብስበው ለሳምንቱ እንግዳ ሐሳብ ይወረውራሉ። ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋሉ። ረቡዕ 40 ያህል ጽሑፎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባሉ፤ አብዛኞቹ እዚያው ይወድቃሉ። ሐሙስና ዓርብ መድረኩ ይሠራል፣ ልምምዱ ይካሄዳል። ቅዳሜ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሌላ ተመልካች ፊት ሙሉ ልምምድ ይደረጋል። ከዚያ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያላሣቀው ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረውም ይታረማል። 5 ሰዓት ከ30 ላይ ስርጭቱ ይጀምራል። ጽሑፉ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ስለሚለወጥ ተዋናዩ ቃሉን በቃሉ አይዝም፤ ከካሜራው አጠገብ በእጅ ተጽፎ ከሚያዝለት ትልቅ ካርቶን ላይ ያነብባል። ማይክልስ ደጋግሞ እንደሚናገረው ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ዝግጁ ስለሆነ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ነው።

ይህን ዘርዘር አድርጌ የተናገርሁት ለትዝታ ያለውን ትርጉም ለማሳየት ነው። አንድ ጭውውት ቢያንስ ሦስት ሕይወት አለው፦ ረቡዕ የተነበበው፣ ቅዳሜ በልምምድ የታየው፣ በቀጥታ የተላለፈው። አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙ በድጋሚ ሲታይ ደካማው የቀጥታ ቅጂ ወጥቶ የልምምዱ ቅጂ ይገባበታል። እንግዲህ አንድ ተዋናይ «በዚያ ምሽት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ» ሲል የትኛውን አዳራሽ ነው የሚያስታውሰው? እርሱ አይዋሽም፤ ሦስቱን ሳቆች አንድ አድርጎ ያስታውሳል። ተመልካቹም ቢሆን የሚያስታውሰው በቀጥታ ያየውን ሳይሆን በኋላ ተመርጦ የተደገመውን ሊሆን ይችላል። በድካም፣ በእንቅልፍ እጦትና በፍርሃት የተሠራ ሥራ በአእምሮ ውስጥ በደማቁ ይቀረጻል፤ ደማቅ መሆኑ ግን ትክክለኛ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም።

ማስመሰል እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ማስመሰል ልለፍ። ብዙ ሰው የተዋጣለት ማስመሰል ድምፅን በትክክል መቅዳት ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ያስተምረናል።

ሲድ ሲዘር በዮንከርስ ከተማ አባቱ በነበራቸው ምግብ ቤት፣ ከአውሮፓ የፈለሱ ሠራተኞች በየቋንቋቸው ሲያወሩ እየሰማ አደገ። ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ የሚመስል ንግግር በመድረክ ሲያወርድ አንድም ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር አይናገርም ነበር። የወሰደው የቋንቋውን ዜማ ነው፤ መነሣቱን፣ መውደቁን፣ ቁጣውን፣ ልመናውን። ተመልካቹ ቃሉን ሳያውቅ ሰውዬውን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይርቃል። ቼቪ ቼዝ በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ሲጫወት ፊቱን አልተቀባም፣ ጸጉሩን አልለወጠም፣ ድምፁን ለማስመሰል እንኳ አልሞከረም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ይወድቃል። ፎርድ በጁን 1975 ሳልዝበርግ ላይ ከአውሮፕላን ደረጃ ሲወርዱ አዳልጧቸው ወድቀው ነበር። ቼዝ ያችን አንዲት ቅጽበት ወስዶ ባሕርይ አደረጋት። ፎርድ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበሩ ሰው መሆናቸው ቀልዱን አላገደውም።

ሦስተኛው ዴና ካርቪ ነው። ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽን ለመጫወት መጀመሪያ መላ አጥቶ እንደነበር፣ በኋላ ግን የሕፃናት ፕሮግራም አቅራቢ የነበሩትን የሚስተር ሮጀርስን ለስላሳ ድምፅ ከተዋናዩ ከጆን ዌይን ድምፅ ጋር ሲያዋህድ ቁልፉን እንዳገኘ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ልብ በሉ፤ የፕሬዚዳንቱን ድምፅ የሠራው ከሌሎች ሁለት ሰዎች ድምፅ ነው። ከዚያም ቃላቱን በየሳምንቱ እያሳጠረ፣ የእጁን እንቅስቃሴ እያሰፋ ሄደ። የመጨረሻው ገጸ ባሕርይ ከቡሽ ይልቅ ለካርቪ የቀድሞ ሳምንት ሥራ የቀረበ ነበር። ማስመሰል ከዋናው ሰው ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱን መቅዳት ይጀምራል።

በሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ላይ የደረሰውም ትምህርት አለው። የፎርድ የፕሬስ ጸሐፊ ሮን ኔሰን በአፕሪል 1976 የፕሮግራሙ አስተናጋጅ ሆነው ቀረቡ፤ ፎርድም አስቀድመው በተቀረጸ ምስል ታዩ። ቤተ መንግሥቱ ቀልዱን አብሮት በመሳቅ ሊያለዝበው ፈልጎ ነበር። ቡሽ ደግሞ በ1992 ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ በዲሴምበር፣ ልባቸው የተሰበረ ሠራተኞቻቸውን ለማጽናናት ካርቪን ራሱን ወደ ኋይት ሐውስ ጋበዙት። ሲቀለድበት የኖረ ሰው ቀልደኛውን ጠርቶ ቤተ ሰቡን እንዲያስቅለት ማድረጉ በአሜሪካ ፖለቲካ ትዝታ ውስጥ እስከ ዛሬ በፍቅር ይወሳል።

ግን ማስመሰል የሚኖረው ዋናው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ቮን ሚደር የጆን ኤፍ. ኬኔዲን ድምፅ ያስመሰለበት «ዘ ፈርስት ፋሚሊ» የተባለው ሸክላ በ1962 መጨረሻ ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ ሲገደሉ የሚደርም የሥራ ዘመን አብሮ አከተመ። ሸክላው ከየመደብሩ ተሰበሰበ። አንድ ቀን በፊት የሳቅ ምንጭ የነበረ ድምፅ በማግሥቱ የሙት ድምፅ ሆነ። የቀልድ ትርጉም በጽሑፉ ብቻ እንደማይወሰን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ቅጂው ዋናውን ሲተካ

አሁን የዛሬው ንግግሬ እምብርት ላይ ደርሰናል። ማስመሰል የሰዎችን ትውስታ ሊለውጥ ይችላል።

ኦክቶበር 2000፣ በጆርጅ ደብሊው ቡሽና በአል ጎር መካከል የተካሄደው የመጀመሪያው የምርጫ ክርክር ባለቀ በአራተኛው ቀን ፕሮግራሙ ክርክሩን በጭውውት አቀረበ። ጽሑፉ የጂም ዳውኒ ነበር። ቡሽን የተጫወተው ዊል ፌረል የምርጫ ዘመቻውን በአንድ ቃል እንዲገልጽ ሲጠየቅ «ስትራቲጀሪ» የምትል በየትኛውም መዝገበ ቃላት ያልነበረች ቃል ተናገረ። የጎር አማካሪዎች ጎርን አስቀምጠው ጭውውቱን አሳዩአቸው፤ ዳረል ሃመንድ ሲያስመስላቸው የታየው ጉድለት በቀጣዩ ክርክር እንዲታረም ፈልገው ነበር። ፖለቲከኛው ራሱን በቅጂው መስተዋት አየ ማለት ነው።

«ስትራቲጀሪ» ግን ከጭውውቱ ወጥታ ሄደች። የቡሽ የራሳቸው ሰዎች በቀልድ ተጠቀሙባት። ብዙ ሰው ቡሽ በእውነት የተናገሯት ቃል አድርጎ ያስታውሳታል። ይባስ ብሎ ቡሽ ራሳቸው በ2017 በጂሚ ኪመል ፕሮግራም ላይ ቀርበው፣ ከሎርን ማይክልስ ጋር ያደረጉትን ክርክር አውግተዋል፤ ቃሏን የተናገርኋት እኔ ነኝ ብለው ሲሟገቱ፣ ማይክልስ የለም፣ የእኛ ጸሐፊ የፈጠራት ናት ብሎ እንደ መለሰላቸው። እርግጥ ነው፣ ቡሽ ይህን ያወጉት ለማሳቅ ነው። ቢሆንም ባለቤቱ እንኳ የራሱን ንግግር ከቅጂው መለየት ሲቸግረው ማየት ለተመራማሪ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሳራ ፔሊን ናቸው። በሴፕቴምበር 2008 ለኤ ቢ ሲው ቻርልስ ጊብሰን በሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ ከአላስካ ምድር ላይ ሆኖ ሩሲያን ማየት እንደሚቻል ተናገሩ። በመልክዓ ምድር ረገድ ይህ ስሕተት የለበትም። ከሁለት ቀን በኋላ ቲና ፌይ ፔሊንን ሆና ቀረበችና ሩሲያን ከቤቴ ሆኜ አያታለሁ አለች። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው የፌይን ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተናገሩትም ፔሊን እንደሆኑ ይምላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ስንት ቀልድና ስንት የነገር ጥበብ ለአለቃ ገብረ ሐና ይሰጣል! ከመካከላቸው የትኛው በእውነት የእርሳቸው፣ የትኛው ከእርሳቸው በኋላ የተፈጠረ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። ሕዝብ ለብልህ ቀልድ ባለቤት ይፈልግለታል፤ በጣም የሚመጥነውን ሰው ያለብሰዋል። አሜሪካኖቹም «ስትራቲጀሪ»ን ለቡሽ የሰጧቸው ለእርሳቸው ስለምትመጥን ነው። ቀልዱ የሚመጥን መሆኑ እውነት ነው፤ ተነገረ መባሉ ሐሰት ነው። ተመራማሪ ሁለቱን ለያይቶ መያዝ አለበት።

ትዝታ የማይነግረን

ትዝታ ከሚያዛባው ይልቅ የሚተወው ይበልጣል። ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ትዝታን የሚናገሩት የቆዩት ናቸው። ጆን በሉሺ በ1982፣ ጊልዳ ራድነር በ1989፣ ክሪስ ፋርሊ በ1997፣ ፊል ሃርትማን በ1998 ዐረፉ። የእነርሱን ታሪክ የምንሰማው ከወዳጆቻቸው ነው። ወዳጅ ስለ ሟች ሲናገር ይራራል፤ ርኅራኄውም ደግ ነገር ነው። ሆኖም ከእያንዳንዳቸው አንደበት ብንሰማ ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር።

ሁለተኛ፣ ትዝታ ውድቀትን ወደ ጀግንነት ይለውጣል። በ1996 «ዘ ዴና ካርቪ ሾው» በኤ ቢ ሲ ጣቢያ፣ ቤተ ሰብ አብሮ ከሚያየው ፕሮግራም ቀጥሎ ተመደበ። የመጀመሪያው ጭውውት ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ቡችሎች ሲያጠቡ አሳየ፤ ተመልካቹ ደነገጠ፣ ስፖንሰሮችም ሸሹ፣ ከ7 ክፍሎች በኋላ ፕሮግራሙ ተቋረጠ። በጊዜው ውድቀት ነበር። ከተዋንያኑ መካከል ግን ስቲቭ ካሬልና ስቲቨን ኮልበርት ነበሩና፣ እነርሱ ከገነኑ በኋላ ያ ውድቀት እንደ ታላቅ ትምህርት ቤት ይወሳ ጀመር፤ በ2017 ዘጋቢ ፊልም ተሠራለት። ተዋንያኑ ባይገንኑ ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? ከየፕሮግራሙ ወድቀው በዚያው የቀሩትን ማንም ለወግ አይጋብዛቸውም።

ሦስተኛ፣ ትዝታ ያልተቀጠረውን ሰው አያስታውስም። በ2013 በ«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» ተዋንያን መካከል አንዲትም ጥቁር ሴት አልነበረችም። በኖቬምበር ኬሪ ዋሽንግተን አስተናጋጅ ሆና ስትመጣ፣ በአንድ ጭውውት ሚሼል ኦባማንም ኦፕራ ዊንፍሬይንም እየተቻኮለች ልብስ ቀይራ እንድትጫወት ተደረገ፤ ጭውውቱ የራሱን የፕሮግራሙን ጉድለት ሣቅ አደረገው። ሳሺር ዛማታ በጃንዋሪ 2014 ተቀጠረች። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የአገሪቱ ቀዳማዊት እመቤት የነበሩትን ሴት አስመስሎ የሚጫወት ቋሚ ተዋናይ ስላልነበረ ያልተጻፉት ጭውውቶች ስንት ናቸው? ያልተሠራ ሥራ ትዝታ የለውም።

ለተመራማሪ የሚሆኑ መመዘኛዎች

ታዲያ የኮሜዲያንን ትዝታ እንተወው? አይደለም። እንደ ማንኛውም የቃል ምንጭ እንመዝነው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ፣ ስለ አሠራር የተነገረውንና ስለ ውጤት የተነገረውን እለያለሁ። ካርቪ የቡሽን ድምፅ ከምን እንደሠራ ሲናገር ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም፤ እጁ ያውቀዋል። ቼዝ ግን በኋላ ዘመን በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ፎርድ እንዲሸነፉ ፈልጎ እንደተጫወተና ይህም በውጤቱ ላይ ድርሻ እንደነበረው ሲናገር፣ ምስክርነቱ ከሙያው ውጭ ይወጣል። ፎርድ ኒክሰንን በ1974 ምሕረት አድርገውላቸው ነበር፤ ኑሮ ተወድዶ ነበር፤ በኦክቶበር 1976ቱ ክርክር ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ሥር አይደለችም ብለው ራሳቸውን ጎድተው ነበር። በጠባብ ልዩነት በተወሰነ ምርጫ ሁሉም ሰው የእኔ ጠብታ ናት የሞላችው ለማለት ይመቸዋል።

ቀጥሎ፣ አንድ ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተነገረ እጠይቃለሁ። ኮሜዲያን ወግን የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። ያላሣቀውን ቃል ቆርጦ ይጥላል፣ ያሣቀውን ያጎላል። ለ30 ዓመት የተነገረ ወግ 30 ዓመት ልምምድ የተደረገበት ጭውውት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አነጋገር፣ ለድርጊቱ የቀረበውን፣ ፈልጌ አወዳድራለሁ።

በመጨረሻም፣ ያላስቁትን ሰዎች እሻለሁ፤ ካርቶን የሚይዘውን፣ ልብስ የምትለካውን፣ ድምፅ የሚቆጣጠረውን። እነዚህ ሰዎች ከመድረኩ ጎን ሆነው ብዙ አይተዋል። ወጋቸው እንዲያስቅ ግዴታ ስለሌለበትም ብዙ ጊዜ ይታመናል።

ወደ እኛ ስንመለስ

ይህን ሁሉ በዚህ አዳራሽ የተናገርሁት ለአሜሪካኖቹ ተቆርቁሬ አይደለም። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የበዓል ዝግጅት ያለ ጭውውት የማይታሰብበት ዘመን አሳልፈናል። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እንግዳዘር ነጋ፦ እነዚህን ስሞች ስጠራ ፊታችሁ ላይ የሚታየው ፈገግታ መዝገብ ነው። የምሽቱ ፕሮግራም ቅርጽም፣ ከእንግዳ ወንበሩና ከባንዱ ጋር፣ በሰይፉ ፋንታሁን የኢቢኤስ ዝግጅት የአማርኛ ተመልካች ቤት ገብቷል። ከጠራኋቸው መካከል አለባቸውና ተስፋዬ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀሩትም ሆኑ ስማቸው ያልተጠራው ጸሐፊዎች፣ የካሜራ ሠራተኞችና የመብራት ባለሙያዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ ሥራ አቀርባለሁ። በየአካባቢያችሁ በጭውውት ሥራ የተሳተፈ አንድ ሰው ፈልጉ። ፈቃዱን ጠይቁ፤ ድምፁን ቅረጹ። «የተሳካላችሁ የቱ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የተለማመደውን ወግ ብቻ ትሰማላችሁ። «የት ተለማመዳችሁ? ማን ጻፈው? ተቆርጦ የቀረው የቱ ነው? ያላሣቀው የቱ ነው? ከልክሎ የመለሳችሁ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅጂው ካለ መጀመሪያ ሳያይ አስወጉት፤ ከዚያ አብራችሁ እያያችሁ እንደገና አስወጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። በመጨረሻም ቅጂውን በስልካችሁ ውስጥ አታስቀሩት፤ ስምና ቀን ጽፋችሁ ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ።

ሲ ቢ ኤስ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን «ሌት ሾው» በሜይ 2026 እንደሚያቋርጥ በጁላይ 2025 አስታውቋል። በተወለደበት አገር እንኳ የዚህ ጥበብ አንዱ ምሰሶ እንዲነቀል ተወስኗል። እነርሱ ግን ቢያንስ ከጥፋታቸው በኋላ ነቅተው ይቀርጻሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያወጋሉ። የእኛ ሥራ ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። ቴፕ ቢደመሰስ የሚያስታውስ ሰው ይፈለጋል፤ የሚያስታውሰው ሰው ካለፈ በኋላ ግን የት ይኬዳል?